የወርዋሪው ክርን በአልትራሳውንድ ሲታይ

አልትራሳውንድ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ነፍሰ ጡር እናት ናት። አሜሪካ ውስጥ ግን ይኸው መሣሪያ የቤዝቦል ወርዋሪዎች ክርን ለምን እንዲህ በብዛት እንደሚጎዳ በሚነሳው የቆየ ክርክር ውስጥ ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ታሪኩ ከ1974 ይጀምራል (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ክለብ ግራኝ ወርዋሪ ቶሚ ጆን በሐምሌ ወር ጨዋታ ላይ ሳለ በክርኑ የውስጥ ጎን ያለው ጅማት ተበጠሰበት። ያኔ እንዲህ የተጎዳ ወርዋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ቤቱ ይገባ ነበር። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ግን መስከረም ላይ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው፣ የግራ ክርኑን አጥንቶች በስተው ተከሉለት። የመሳካት ዕድሉን የገመቱት ከመቶ አንድ ነበር። ቶሚ ጆን በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989ም ወረወረ። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ስኬቱ የራሱን ጣጣ ማምጣቱ ግን አልቀረም፤ ልጃቸው ቀዶ ሕክምናውን ቢያደርግ የበለጠ በኃይል ይወረውራል ብለው የሚያምኑ ወላጆች ተፈጥረዋል።

ጅማቱ የሚሸከመው ጫና ቀላል አይደለም። ክንድ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ክርኑ በውስጥ በኩል ሊከፈት ይታገላል። በሬሳ ክንድ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ጅማቱ ብቻውን የሚችለው በአንድ ኃይለኛ ውርወራ ከሚመጣው ጫና ግማሹን ያህል ነው። ቀሪውን የሚጋሩት ጡንቻዎቹና አጥንቱ ናቸው። ጡንቻ ሲደክም ዕዳው ጅማቱ ላይ ይወድቃል።

ይህን ጅማት በአልትራሳውንድ የማየቱ ምርመራ እንዲህ ነው። ወርዋሪው ክርኑን 30 ዲግሪ ያህል ያጥፋል፤ ጄል ይቀባና የመሣሪያው ጫፍ በክርኑ የውስጥ ጎን ላይ ያርፋል። ስክሪኑ ላይ ጅማቱ በሁለት አጥንቶች መካከል እንደተወጠረ ገመድ ይታያል። ከዚያ ክንዱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሰፋ በሚሊ ሜትር ይለካል። ቀጥሎ የማይወረውርበት እጁ በተመሳሳይ መንገድ ይታይና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ኤምአርአይ ይህን አያደርግም፤ የሚያነሳው ያልተንቀሳቀሰ ክንድ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። በአጥንት ውስጥ ያለ እብጠትንና የልምን አጥንት ጉዳትን ለማየት ግን እሱን የሚተካው የለም። አልትራሳውንድ ደግሞ የያዘው ባለሙያ እጅ ካልሰለጠነ ያሳስታል።

በ2003 የታተመ ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን 26 የታላቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ወርዋሪዎች በዚህ መንገድ አይቷል። በ2014 የወጣው ደግሞ በአሥር ዓመት የተመረመሩ 368 ባለሙያ ወርዋሪዎችን ያካተተ ነው። በሚወረውሩበት ክንድ የጅማቱ ውፍረት በአማካይ 6.15 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 4.82 ሆኖ ተገኘ፤ ሲገፋም የበለጠ ይከፈታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ያመመን ነገር የለም ብለው በየሳምንቱ የሚወረውሩ ናቸው። በእኔ እምነት የጥናቶቹ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። የወፈረ ጅማት ስለታየ ብቻ ሰውን ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስገባት ስህተት ነው። የሚጠቅመው ተጫዋቹ ጤነኛ ሳለ የተነሳውን ምስል አስቀምጦ በየዓመቱ ማስተያየት ነው።

ይህም ቢሆን ጉዳቱን አያስቀርም። በታላቁ ሊግና በሥሩ ባሉት ሊጎች የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና በ2010 ከነበረበት 104 በ2024 ወደ 281 አሻቅቧል። ሊጉ ራሱ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ዘገባ ጣቱን የቀሰረው በፍጥነት ላይ ነው። በ2008 በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የፈጣን ኳስ አማካይ በ2024 ከ151 በላይ ደርሷል። ክለቦች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ለዚህ ፍጥነት ነው፤ ልጆቹም ከአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ጀምሮ ይህንኑ ያሳድዳሉ። ጫናውን ለመቀነስ የሞከሩም አሉ፤ ጃፓን ውስጥ፣ ለምሳሌ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ከ2020 ጀምሮ አንድ ወርዋሪ በሳምንት ከ500 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ከልክሏል። ቁጥሩ አሁንም ብዙ ነው፤ ቢያንስ ግን ገደብ ተቀምጧል።

አሜሪካ ውስጥ ልጃችሁ ቤዝቦል የሚጫወት ወላጆች፣ ክርኔን በውስጥ በኩል አመመኝ ካለ ውርወራውን አስቁሙትና ለሐኪም አሳዩት። ባያመውም የታላቁ ሊግ የልጆች መመሪያ የሚመክረውን በዓመት አራት ወር ከውርወራ የሚያርፍበትን ጊዜ አትንፈጉት።