የአካባቢ ጨረራና የመለኪያ ማመሳከር

በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ ባለ መማሪያ ክፍል የጋይገር መቁጠሪያ ቢከፈት፣ በአጠገቡ የጨረራ ምንጭ ባይኖርም መቁጠሩ አይቀርም። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም። በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም 40 አሉ፤ ከጠፈርም ኮስሚክ ጨረር ይወርዳል። ጉለሌ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፣ ጨረሩን የሚያግደው አየር ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። ይህ ሁሉ የአካባቢ ጨረራ ይባላል።

ጨረራው አብዝቶ የሚያስቸግረው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ሊከሠት የሚችል የአስኳል ፍርሰትን ለሚፈልጉ ነው። በኢጣልያ ግራን ሳሶ፣ 1400 ሜትር ያህል ዐለት በላዩ ባለበት ቤተ ሙከራ፣ ጌርዳ የተባለው ሙከራ በጀርማኒየም 76 ውስጥ ኒውትሪኖ የማይወጣበትን ድርብ ቤታ ፍርሰት ፈልጓል። ፍርሰቱ ቢከሠት ምልክቱ በ2039 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይታያል። ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት እንደሚፈትን ሁሉ፣ መሣሪያውም በቶሪየም 228 ምንጭ ይመሳከር ነበር፤ ከዚህ ምንጭ አንዱ ጋማ ጨረር በ2615 ላይ መነበብ አለበትና።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ጥቂት ተመራማሪዎች ፍርሰቱን እንዳዩ አስታውቀው ነበር፤ የጌርዳ የ2013 ውጤት ግን አልደገፋቸውም። ጌርዳ በ2020 ግማሽ ዕድሜው ከ1.8 × 10²⁶ ዓመት እንደሚበልጥ በ90 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ ገለጸ።

ስለዚህ መምህሩ መቁጠሪያ ካለው፣ አስቀድሞ ያለ ምንጭ ደጋግሞ ያስቆጥር። ቁጥሮቹ በየጊዜው ይለያያሉ። ተማሪው ይህን ልዩነት ሳያውቅ፣ ምንጩ ሲቀርብ የሚታየውን ጥቂት ጭማሪ እንደ ማስረጃ ሊቆጥረው አይገባም።