ያውቁ ኖሯል? ፈረስ የሚመሰገንበት ቀን

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ ላይ ፈረስ ይመሰገናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚሁ ዕለት በዓድዋ የተዋደቁ አርበኞችንና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስባል። ከዳንግላ ወላጆቹን ተከትሎ የመጣ ሕፃን የፈረሶቹን ጌጥ ሁሉ አይቶ «ፈረሱ ምን አድርጎ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄውን በችኮላ አይለፉት፤ ውለታን ለማስረዳት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየቀኑ አይገኝም።

ውለታን እንዲህ ካስረዱት፣ ደግነትንስ እንዴት ያስተምሩታል? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ብስኩት ከመቀበል ይልቅ ለአሻንጉሊት ሲሰጡ ይበልጥ ተደስተዋል። ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው ሲሰጡማ ፊታቸው የባሰ ፈካ! ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ቆሎውን ልጁ ራሱ ያቅርብ፤ ቢደፋውም አይቆጡት።