የወተት ጥርስ ይወልቃል ተብሎ አይናቅ

አባቶችና እናቶች፣

ልጅ «ጥርሴን አመመኝ» ብሎ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «ተወው፣ የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» ይባላል። የወተት ጥርስ መውለቁ እውነት ነው። ነገር ግን እስኪወልቅ ድረስ ትልቅ ሥራ አለው። ደግሞም ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ እያለ የሚተወው አንዱ መንጋጋ የወተት ጥርስ አይደለም። ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ነው።

የወተት ጥርስ ሥራ

የወተት ጥርስ በቁጥር 20 ነው። የመጀመሪያው ሕፃኑ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ብቅ ይላል። 3 ዓመት እስኪሆነው ሁሉም ይወጣሉ። ከ6 ዓመት ጀምሮ ተራ በተራ ይወልቃሉ። የመጨረሻው የሚወልቀው ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እስቲ አስቡት። አንዳንዱ የወተት መንጋጋ በልጁ አፍ ውስጥ 8 ወይም 9 ዓመት ይቆያል ማለት ነው። ልጁ እንጀራውን የሚያላምጠው፣ ቆሎውን የሚቆረጥመው በዚያ ነው። ጥርሱ ያመመው ልጅ አይበላም፣ አይተኛም፣ ትምህርትም አይገባውም።

የወተት ጥርስ ሌላም ሥራ አለው። ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይጠብቃል። ያለጊዜው ከተነቀለ በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ። ጠባቂ የሌለውን ማሳ ጎረቤት እየገፋ እንደሚያርሰው ነው። ቋሚው ጥርስ ሲመጣ ቦታ ያጣና ተጣሞ ይበቅላል።

የ6 ዓመቱ መንጋጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው 4 አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ከላይ 2፣ ከታች 2 ናቸው። የሚወጡት ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ ነው። ለእነሱ ብሎ የሚወልቅ ጥርስ የለም። ስለዚህ ወላጅ መምጣታቸውን አያውቅም። ሲበሰብሱም «የወተት ነው» ብሎ ይተዋቸዋል። እነዚህ ግን ቋሚ ናቸው። ከጠፉ ምትክ የላቸውም። ልጁ እስኪሸመግል የሚያኝከው በእነሱ ነው።

እንዴት ይታወቃሉ? ልጁን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ አፉን አስከፍቱት። ከፊት ከመካከል ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፤ 6ኛው ይኼ መንጋጋ ነው።

ጥርስን የሚበላው ምንድን ነው?

«ትል በላው» ይባላል። ትል የለም። በአፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። ስኳር ያለበት ነገር ስንቀምስ ጀርሞቹም ከእኛ ጋር ይበላሉ። በልተውም ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። ያ ኮምጣጣ ነገር የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። መጀመሪያ በጥርሱ ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። ቀጥሎ ይጠቁራል። በኋላም ይቦረቦራል። ቀዳዳው ውስጥ ካለው ነርቭ ሲደርስ ያኔ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል።

ነገሩ እንደ ነቀዝ ነው። እህሉ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተበልቷል። ነጩ ነጥብ በጊዜ ከታየ በጽዳትና ስኳር በመቀነስ ሊገታ ይችላል። ከተቦረቦረ በኋላ ግን ራሱን አያድንም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

1. የሕፃኑ የመጀመሪያ ጥርስ ብቅ ሲል በንጹሕና እርጥብ ጨርቅ ጠዋትና ማታ ጥረጉለት።

2. ልጁ ከፍ ሲል በመፋቂያ አጽዱለት። የወይራ ወይም የክትክታ እንጨት ይበቃል። ጫፉ እንደ ቡርሽ እስኪሆን ይታኘክ። የፊቱን ብቻ ሳይሆን የመንጋጋውን ላይ፣ ውስጡንና ውጭውን ፋቁ። ድዱን አታቁስሉ። የአንዱን መፋቂያ ሌላው አይፋቅበት። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን በደንብ አይፍቅም፤ አግዙት።

3. ቡርሽና የጥርስ ሳሙና መግዛት ከቻላችሁ ፍሎራይድ ያለበትን ምረጡ። ፍሎራይድ የጥርሱን ሽፋን ያጠነክራል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። እንዳይውጣት አስተምሩት።

4. ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀንሱ። በቀን ደጋግሞ መቅመስ ይበልጥ ይጎዳል። ሕፃን ጣፋጭ ነገር ያለበት ጡጦ ይዞ አይተኛ።

5. በወር አንድ ጊዜ አፉን ተመልከቱ። ቀዳዳ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፊቱ ካበጠና ትኩሳት ካለው ለነገ አትበሉ። ሕመም ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ መልካም ነው።

ግግ አታስወጡ

ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ በወስፌ ወይም በምላጭ ይፈለፈላል። ተጎልጉሎ የሚወጣው ትል ወይም በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ሕፃኑ ብዙ ደም ሊፈሰው ይችላል። ንጹሕ ባልሆነ ስለት መንጋጋ ቆልፍና ኤች.አይ.ቪ. ሊገቡበት ይችላሉ። ከሥር ያለው ቋሚ ክራንቻም ይበላሻል። ተቅማጡ ደግሞ በዚህ አይቆምም። ሕፃኑን የሚገድለው እኮ የውሃ ማለቅ ነው። ጡት መስጠት አታቋርጡ። ቶሎ ወደ ጤና ኬላ ወስዳችሁ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተቀበሉ።

ለጎረምሶችና ለኮረዶች

እናንተም አንብቡ። 12 ዓመት ገደማ ሲሆናችሁ ሌሎች 4 ቋሚ መንጋጋዎች ከኋላ ይጨመራሉ። አዲስ የበቀለ ጥርስ እንደ ችግኝ ነው፤ እስኪጠነክር እንክብካቤ ይፈልጋል። የጠርሙስ ቆርኪ በጥርስ አትክፈቱ። ድዳችሁ ሲደማ መፋቅ አታቁሙ። ብዙ ጊዜ የሚደማው ቆሻሻ ስለተጠራቀመበት ነው፤ በቀስታ አጽዱት። ካልተወ ጤና ጣቢያ ታዩ። እህቶቻችን፣ ድድ መነቀስም ይቅር። አንድ መርፌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በሽታ ያስተላልፋል።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት። በገበሬ ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይም ተነጋገሩበት።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የወተት ጥርስ 2 ሥራዎች ምንድን ናቸው?
2. የ6 ዓመቱ መንጋጋ ከተነቀለ ሌላ ይበቅላል?
3. ሕፃን ሲያስቀምጠው ምን ማድረግ አለብን?
4. በቤታችሁ 6 ዓመት የሞላው ልጅ አለ? ዛሬ አፉን አስከፍታችሁ ቁጠሩ።