በነጻ ያደሉ ወጣቶች

ዕቃውን በነጻ የሚያድል ነጋዴ መክሰሩ አይቀርም ስንል ኖረናል። የሼፊልድ ልጆች ታሪክ ግን ይህን አሳባችንን እንደገና እንድንመረምረው ያስገድደናል።

ሼፊልድ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፥ በብረት ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ከዚያ የተነሡት አራት ጐረምሶች፥ አርክቲክ መንኪስ የተባሉት የሮክ ሙዚቀኞች፥ የሙከራ ዘፈኖቻቸውን በሲዲ እየቀዱ ሊሰማቸው ለመጣው ሰው በነጻ ያድሉ ነበር። የተቀበለውም በኢንተርኔት ለወዳጁ አስተላለፈ።

ኋላም ዶሚኖ የተባለው፥ ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ራሱን ችሎ የቆመ የሸክላ አሳታሚ ተዋዋላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 2005 «አይ ቤት ዩ ሉክ ጉድ ኦን ዘ ዳንስፍሎር» የተባለው ነጠላ ዘፈናቸው ወጣ፤ በብሪታንያም የሽያጭ ሰንጠረዥ ወዲያው አንደኛ ሆነ። በጃንዋሪ 2006 የወጣው አልበም ደግሞ በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ በላይ ተሸጠ። በውስጡ ካሉት ዘፈኖች ብዙዎቹ ግን ሕዝቡ አስቀድሞ በነጻ የያዛቸው ነበሩ!

ታዲያ በነጻ የሰጠ ሁሉ ይከብራል ማለታችን አይደለም፤ ዘፈኑ ባያምር ኖሮ ማንም ባላስተላለፈው ነበር። የምንለው፥ መልካም ሥራ ያለው ሰው ዋጋ ሳይቆረጥለት ለማሳየት አይፍራ ነው። እኛ ወጣቶችስ «ማን ይከፍለኛል?» እያልን ስንቱን ጽሑፍና ስንቱን አሳብ በመሳቢያ ቆልፈንበት ይሆን?