ቆብ ያልደፉት ቡዲስቶች ምን ይለብሳሉ?

በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ፣ ኦስትኤንድ በሚባለው ሰፈር 11 ቁጥር ትራም ይዞ በሐናወር ላንድሽትራሰ ወደ ምሥራቅ ለሚወጣ ሰው፣ ግራ ቀኙ የመኪና መሸጫና የድሮ ፋብሪካ ነው። የቬትናሞች የፋት ሁዌ ፓጎዳም በዚሁ ጎዳና ላይ ይገኛል።

የቬትናም ቡዲስት ምዕመን ወደ ቤተ መቅደሱ የሚመጣው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በሱሪውና በጃኬቱ ነው። የጸሎቱ ሰዓት ሲደርስ ግን አኦ ትራንግ የሚሉትን ቀሚስ ከላይ ይደርባል፤ እጅጌው ሰፊ ነው፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፣ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ አመድማ ነው። የዕጣን ጢስ ቀለም ነው ይሉታል። ለእኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቀሚሱ ውድ ሸሚዝንም ርካሽ ሹራብንም እኩል ይሸፍናል። ብጫው ካባ የመነኮሳት ነው፤ ምዕመን አይደፍረውም።

በስሪላንካና በታይላንድ ወግ ደግሞ የምዕመን ቀለም ነጭ ነው። በፓሊ ቋንቋ የተጻፉት ጥንታዊ የቡዲስት ጽሑፎች ምዕመናንን የሚጠሯቸው «ነጭ የለበሱ የቤት ሰዎች» እያሉ ነው። በጨረቃ በሚቆጠሩት የጾም ቀናት ስምንት ትእዛዛት የሚጠብቅ ሰው ሽቶና ጌጥ ይተዋል፤ ነጩም በተለይ ያን ቀን ይለበሳል። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ለምትሳለም ሴት ይህ አይከብዳትም፤ እምነቱ ሌላ ቢሆንም ልብስን ለቀን መለየት እኛም ዘንድ አለ።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው የጃፓኑ የዜን ቡዲዝም ተከታዮች ራኩሱ ነው። ከአንገት ወደ ደረት የሚንጠለጠል ትንሽ ጨርቅ ሲሆን፣ በብዙ ማዕከላት ትእዛዛቱን ሊቀበል የተዘጋጀው ሰው ቁርጥራጩን እየቀጠለ በእጁ ይሰፋዋል። ቁርጥራጭ መሆኑ የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ከተጣለ ጨርቅ ልብሳቸውን መስፋታቸውን ያስታውሳል። መምህሩም በጀርባው በኩል የተቀባዩን አዲስ ስም ይጽፍበታል።

በሥራ ቀን ግን ደንብ የለም። ምዕመን ዘወትር የሚጠብቃቸው አምስቱ ትእዛዛት ስለ ልብስ አንድም ቃል አይናገሩም፤ ባንክ የሚሠራው በሱፉ፣ ሾፌሩ በሥራ ልብሱ ይውላል። ምናልባት እጁ ላይ መቁጠሪያ ታዩ ይሆናል።

ፓጎዳ ለመጎብኘት የምታስቡ፣ ጫማችሁን አውልቁ፤ መሬት ላይ ለመቀመጥ የሚመች ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ። አመድማውን ቀሚስ ግን ለምዕመናኑ ተዉላቸው።