የድራጎን ምሽግ የሚሰበረው በዳር በኩል ነው

ቼዝ ስንጫወት ንጉሡን አጥሮ ቁጭ የሚል ተጋጣሚ ያሰለቻችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከሁሉ የምወደውን መድኃኒት ላሳያችሁ፦ በሲሲሊያን መከላከያ ድራጎን ላይ የሚሰነዘረውን የዩጎዝላቭ ጥቃት።

በድራጎን ጥቁሩ የጂ ወታደሩን ወደ ጂ6 ይገፋል፤ በተከፈተው ቦታ ቢሾፑን ጂ7 ላይ ያስቀምጥና በአጭሩ ካስሊንግ ያደርጋል። ቢሾፑ ንጉሡንም ይጠብቃል፣ ቦርዱንም ከጥግ እስከ ጥግ ያያል። ጥሩ አሰላለፍ ነው። ግን ጂ6 ላይ ያለውን ወታደር ልብ ብላችሁ እዩት! ነጩ የዳሩን ወታደር ወደ ኤች4፣ ቀጥሎ ወደ ኤች5 ሲያደርሰው ሁለቱ ይፋጠጣሉ፤ ይበላላሉ፤ የኤች መስመርም ለነጩ ሩክ ወለል ብሎ ይከፈታል። የጂ ወታደር ከቦታው ባይነቃነቅ ኖሮ ይህን በር መክፈት እጅግ ይከብድ ነበር።

ነጩ ወታደሮቹን እንዲህ ሲለቅ የራሱ ንጉሥስ? እሱን ቀድሞ በረጅሙ ካስሊንግ ወደ ሌላው ጎን አሽሽቶታል። በእርግጥ ጥቁሩም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በሲ መስመር ይመጣበታል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እሽቅድምድም ነው፤ አንዲት የባከነች እርምጃ ጨዋታውን ትወስናለች።

እ.ኤ.አ. በ1958 በፖርቶሮዥ የኢንተርዞናል ውድድር የ15 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ከዴንማርኩ ቤንት ላርሰን ጋር የተጫወተውን እዩልኝ። ላርሰን የኤ ወታደሩን ወደ ኤ5 የገፋው በ20ኛው እርምጃ ሲሆን፣ የኤች መስመር ያን ጊዜ ተከፍቶ ነበር። ፊሸር ወዲያው ጂ5 ብሎ ፈረሱን አስነሳው፤ ፈረሱ ኤች5 ላይ ሄዶ መስመሩን ዘጋ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ቆም እንል ነበር። ፊሸር ግን በ22ኛው እርምጃ ሩኩን ሰጥቶ ፈረሱን በላ! ላርሰን ሩኩን የበላው በጂ ወታደሩ ነውና አጥሩ ተከፈተ፤ የነጩ ወታደር ጂ6 ደረሰ፣ ቀጥሎም ኤፍ7ን በልቶ ንጉሡን ኪሽ አለው። ከሩቅ፣ ከቢ3፣ ወደዚያው ኤፍ7 ያነጣጠረ ቢሾፕ ደግሞ አለ። በ31ኛው እርምጃ ላርሰን እጁን ሰጠ።

እኔን የሚደንቀኝ ከሩኩ መስዋዕትነት ይልቅ ያ ቢሾፕ ነው። በ15ኛው እርምጃ ዲ5 ላይ ቆሞ ሳለ ላርሰን በፈረሱ ሊበላው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ሩኩን ወደ ሲ8 ወሰደ። ፊሸር ዕድሉን አላባከነም፤ ቢሾፑን ወዲያው ወደ ቢ3 መልሶ አዳነው። ቦርዳችሁን ዘርጉና ጥቁሩን ይዛችሁ ከዚያች እርምጃ ጀምሩ፤ ቢሾፑን በፈረሱ ብሉትና ነጩ ጥቃቱን በምን እንደሚቀጥል ከጓደኛችሁ ጋር ተጫውታችሁ ሞክሩት።