ያረጀ የመኪና መቀመጫን ስለ ማደስ

በዲላ ከተማ የምሠራለት የቡና ነጋዴ ከአባቱ የወረሰው አንድ ቮልስዋገን አውቶሞቢል አለው። ሞተሩ ዛሬም ደኅና ሲሆን፣ መቀመጫው ግን ሰምጦ የነጂውን ወገብ ያሳምም ነበር። አንድ የወንበር ሰፊ በአሮጌው ላይ አዲስ ልብስ አለበሰው፤ ሥራውም ለዐይን ያማረ ነበር። ነገር ግን ወደ ይርጋ ጨፌ ጥቂት ጊዜ እንደተመላለስን ልብሱ ተጨማደደ፤ መቀመጫውም እንደ ቀድሞው ሰመጠ። በዚህም ምክንያት ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልብሱ የመቀመጫው መልክ እንጂ ጉልበቱ አይደለም። በቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖች ክብደትን የሚሸከመው በብረት ላይ የታሰረው ሞላ ነው፤ በሞላው ላይ ጆንያ፣ በጆንያውም ላይ የፈረስ ጭራ ወይም የቃጫ ሙሌት ይነጠፋል። ጆንያው ሲበሰብስ ሞላው ሙሌቱን እየበሳ ይወጣል።

ስለዚህ እድሳቱ መጀመር ያለበት ከታች ነው። አስቀድሞ መቀመጫው ከመኪናው ወጥቶ አሮጌው ልብስ ሳይቀደድ በስፌቱ መስመር ይፈታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለአዲሱ ልብስ ልክ ሆኖ ያገለግላልና። ቀጥሎም የብረቱ ዝገት ተጠርጎ ቀለም ይቀባል፤ የተሰበረው ሞላ ይተካል። ከዚያም በቡና አገር የማይታጣው ጠንካራ ጆንያ ይነጠፋል፤ በላዩም ቶሎ የማይሟሽሽ ስፖንጅ ይደረጋል። ልብሱ የሚወጠረው በመጨረሻ ነው።

የደጋ በጋችን ቆዳ ለጓንት በዓለም ገበያ የታወቀ ቢሆንም ለመኪና መቀመጫ ስስ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ወፈር ያለው የከብት ቆዳ ነው። ዋጋው ለከበደበት ሰው የፕላስቲክ ቆዳ ይበቃዋል። የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ስለሚበሰብስ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ይመረጣል።

ይህ ጉዳይ ለነጋዴ ትንሽ መስሎ አይታይ። የዚህ ዓይነቱ ቮልስዋገን የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። መንግሥትም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. አስታውቋል። እንግዲህ ባለ መኪናው ያለውን መጠበቅ ግድ ይሆንበታልና፣ ጥሩ ስፖንጅና ጠንካራ ክር የሚያቀርብ ባለ ሱቅ ገዢ አያጣም።

ባለ መኪናም ዋጋ ከመቁረጡ በፊት መቀመጫው ተፈትቶ ሞላው እንዲታይለት ይጠይቅ። እኛ ይህን ያወቅነው ከከፈልን በኋላ ነው።